ዝናብ ይዘህ መጣህ

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 8

ተናገረው። በሬዲዮ። በቀጥታ ስርጭት።

ነገ እጽፋለሁ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 9

እንደሆነው ልጻፈው። ከትናንት ወዲያ ጠዋት እኔና ኤልኪን ወደ ከተማችን ሬዲዮ ጣቢያ ሄድን። የተጠራነው ስለ ዘፈናችን እንድንናገር ነው፤ ለኤፕሪሉ የአኮርዲዮን በዓል ከቀረቡት ስልሳ አዳዲስ ዘፈኖች መካከል ለመጨረሻው ውድድር ካለፉት አሥሩ አንዱ የኛ ሆኗል። ቅዳሜ ጠዋት ሞንቴፍሎር ውስጥ ሬዲዮ የማይከፍት ቤት የለም። ልብስ የሚያጥበውም፣ ዓሣ የሚጠብሰውም፣ ጢሙን የሚላጨውም ይሰማል።

ጋዜጠኛው ግጥሙን በእጁ ይዞታል። «ኤልኪን ወንድሜ፣ እዚህ ጋ የፊደል ስህተት አግኝቻለሁ» አለ እየሳቀ። «‹ጠይሙ፣ ዝናብ ይዘህ መጣህ› ይላል። ‹ጠይሟ፣ ዝናብ ይዘሽ መጣሽ› ለማለት ነው አይደል?»

«ስህተት የለውም» አለ ኤልኪን።

«እንዴት ማለት?»

«ዘፈኑን የጻፈው ይሄ አኮርዲዮን ታቅፎ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ነው። ጠይሙ ደግሞ እኔ ነኝ። አብረን መኖር ከጀመርን ስድስት ዓመታችን ነው።»

እንደዚህ ነው ያለው። የሚሠራው አይብ መድረሱን እንደሚናገር፣ ድምፁን ከፍም ዝቅም ሳያደርግ።

ጋዜጠኛው አፉን ከፍቶ ቀረ። ሬዲዮ ላይ ዝምታ ምን ያህል እንደሚረዝም ያወቅሁት ያኔ ነው። አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ጣቶቼ ግን የዘፈኑን መግቢያ ጀመሩት። ኤልኪን ተቀበለኝ፤ እስከ መጨረሻው ዘፈንነው። የተጫወትኩት ዝምታውን ለመሸፈን ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ሳያማክረኝ! እኔ «ጠይሙ» ብዬ የጻፍኩት ለወረቀቱ ነው። መድረክ ላይ ስንወጣ «ጠይሟ» እንደምንል ገምቼ ነበር። ተነጋግረንበት አናውቅም፤ ግን ገምቼ ነበር።

ያም ሆኖ እንደዚያ ቀን ዘፍኖ አያውቅም። ይሄ ደግሞ እውነት ስለሆነ ይጻፍ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

የእማ ቤት ከጓሮዬ ጋር የተያያዘ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ወደ እሷ አልሄድኩም። ዛሬ ራሷ የበቆሎ ቂጣና የኤልኪንን አይብ በሳህን ይዛ መጣች።

«ሬዲዮ ሰማሽ?» አልኳት።

«ደንቆሮ አይደለሁም።»

«እና?»

«እና ምን? አኮርዲዮኑ ጥሩ ነበር። መሃል ላይ ቸኮልክ እንጂ።»

«እማ፣ ኤልኪን ያለውን ነው የምልሽ።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ በገመዴ ላይ የማሰጣው ያ ድንኳን የሚያክል ሸሚዝ የማን ይመስልሃል? የጳጳሱ?»

ቂጣውን ቆርሳ ሰጠችኝና ቁጭ አለች። «አባትህ ቢኖር ሰምቶ ይሞት ነበር» አለች። ፍርፋሪውን ከቀሚሷ ላይ አራገፈችና፣ «ከዚያ ደግሞ ይነሳ ነበር። ጥሩ ዘፈን ሲሰማ ተኝቶ አያውቅም።»

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 12

እንድጠግን የሰጡኝን አኮርዲዮናቸውን ሊወስዱ ሦስት ሰዎች መጡ። «ገና አልደረሰም» እላለሁ፤ «ግድ የለም» ይላሉ። የአንዱ ወናፉ ተፈታቶ ነበር። በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥሮ ወሰደው።

ሌላ ሰው ደግሞ አኮርዲዮኑን ሊያስጠግን መጣ። ሰባት ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ መንገዱን አራቁቶት ከተማው ሁሉ በሚያንቀላፋበት ሰዓት፣ በጓሮ በር። ትልቅ ከብት ነጋዴ ነው፤ ስሙን እዚህም አልጽፈውም። «እንዳንተ የሚቃኝ በዚህ አገር የለም፣ ኔፍታሊ። ብቻ ሰው አይወቅ» አለኝ።

ተቀበልኩት። ለምን ተቀበልኩት?

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 16

ካርኒቫል፣ ከጾም በፊት የሚጨፈርበት በዓል። በእነዚህ አራት ቀናት ሞንቴፍሎር ውስጥ ቀሚስ የማይለብስ ወንድ የለም። ሥጋ ሻጩም፣ ከብት ነጂውም፣ ፖሊሱም ከንፈሩን ቀብቶ ዳሌውን እያወዛወዘ ይሄዳል። ጾሙ በሚገባበት ረቡዕ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ግንባራቸው ላይ አመድ ሲቀቡ ወንድነታቸውን መልሰው ይለብሱታል። ማንም ምንም አይላቸውም።

ዛሬ ሁለት ልጆች ሃምሳ ሰው አስከትለው ደጃችን ቆሙ። አንዱ የካርቶን አኮርዲዮን አንጠልጥሏል፤ እኔ መሆኑ ነው። ሌላው ቬሎ አጥልቆ በከሰል ጢም ስሏል፤ ኤልኪን መሆኑ ነው። «ኔፍታዬ፣ ዝናብ ይዤልህ መጣሁ!» እያለ በባልዲ ውሃ በራችን ላይ ይደፋል። ሰው ይንከተከታል።

ኤልኪን በሩን ከፍቶ ወጣ። ሰዉ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ፤ ያልተገራ ፈረስ በአንድ እጁ ሲያቆም ያላየው የለማ። ወደ ካርቶኑ አኮርዲዮን ተጠጋ።

«ገልብጠህ ነው የያዝከው።»

«ምን?» አለ ልጁ።

«አኮርዲዮኑን። ቁልፎቹ በቀኝ በኩል ነው የሚሆኑት።» አዙሮ ማንገቻውን አስተካከለለት። ከዚያ ወደ ሙሽራይቱ ዞረ። «አንተ ደግሞ ጢሙን አሳንሰኸዋል፤ አዋረድከኝ። ቬሎው ግን ሲያምርብህ! እናትህ አይታሃለች?»

ሳቁ ፈነዳ፤ አሁን ግን የሚስቁት ከእሱ ጋር ነው። ሙሽራይቱን ወገቧን ይዞ አንድ ዙር አስጨፈራትና በሩን ዘግቶ ገባ። ጭቃ የነካው ጫማውን እያወለቀ፣ «ምሳ አለ?» አለኝ።

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። የጀመርኩት ቅኝት ስለነበረ ነው። ከሰዓት ሙሉ አንዲት የአኮርዲዮን ምላስ፣ ድምፅ የምታወጣዋን ቀጭን ብረት፣ ስሞርድ ቆይቼ ከሚገባው በላይ ሞረድኳት፤ ተበላሸች።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 25

ዶን ኒካኖር ቢሮው አስጠራኝ። እኔን ብቻ፤ ኤልኪንን አይደለም። የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው፤ ነጭ ባርኔጣውን ቤት ውስጥም አያወልቅም። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ቡና አስመጣልኝ፣ እንደ ሊቅ ሙዚቀኛ «ማስትሮ» አለኝ።

«ማስትሮ፣ ዘፈኑ ያሸንፋል። እኔ ነኝ የምልህ። ያቺን አንዲት ፊደል ብቻ ለውጥልን።»

«አንዲት አይደለችም፣ ዶን ኒካኖር። ‹ሙ› ወደ ‹ሟ›፣ ‹ህ› ወደ ‹ሽ›። ‹ህ› ደግሞ ሁለት ጊዜ አለች።»

«ሦስት ትሁና! ቤትህ ውስጥ የምታደርገው ያንተ ጉዳይ ነው፤ ማንም አልነካህም። መድረኩ ግን የወንዶች መድረክ ነው። አባቶቻችን በአኮርዲዮን የዘፈኑት ስለ ሴት፣ ስለ መጠጥና ስለ ፈረስ ነው።»

«ስለ ፈረስ ሲዘፍኑ ወንድ ይሁን ሴት ማንም ጠይቋቸው አያውቅም» ማለት ነበረብኝ። ይሄ የመጣልኝ አሁን፣ ስጽፍ ነው። እዚያ ያልኩት «አስብበታለሁ» ነው።

ለኤልኪን ቡና እንደጋበዘኝ ብቻ ነገርኩት።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 28

ዳጎቤርቶ ከበሮውን ሊወስድ መጣ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ተጫውተናል፤ እኔ አኮርዲዮን፣ ኤልኪን ዘፈንና መፋቂያው፣ ያ እየተፋቀ የሚጮኸው ሸንበቆ፣ እሱ ከበሮ። አበልጄ ነው። ልጁን ዱቢስን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ።

«ወገቤን አሞኛል፤ ለውድድሩ የምደርስ አይመስለኝም።»

«ኤፕሪል ላይ የሚያምህን ወገብ ከአሁኑ አወቅኸው?»

መሬት መሬት ያያል። «ካንዴላሪያ ናት፣ አበልጄ። ሚስቴን ታውቃታለህ። ደግሞም...» ከበሮውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረው። «ለዱቢስ አሥራ አምስተኛ ዓመት ልደት ድግስ ሌላ አኮርዲዮን ተጫዋች ይዘናል። አንተም በዚያ ቀን... እንግዶቹ ብዙ ናቸው። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል» አልኩት።

እስከ በሩ ሸኘሁት። ከበሮው በሩ ላይ ሲያስቸግረው እንኳ ያዝኩለት። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው?

ረቡዕ፣ ማርች 4

ስለ ፊደንሲዮ መጻፍ አለብኝ። ሃያ አንድ ዓመት ሳልጽፈው ኖርኩ።

ፊደንሲዮ የሞንቴፍሎር ልጅ፣ በዚህ ወንዝ ዳርቻ ከሰማኋቸው ሁሉ የሚበልጥ ዘፋኝ ነበር። በበዓሉ መድረክ ላይ ደረቱና እጅጌው የተሸበሸበ ቢጫ የሐር ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። ሲዘፍን እጁ ይናገራል፤ ወገቡ ዝም አይልም። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ፉጨት ተጀመረ። ከዚያ «ሴታሴት!» የሚል። ከዚያ ብርቱካን መወርወር። እሱ ግን ዘፈኑን ሳይጨርስ አልወረደም። ሸሚዙ ላይ የብርቱካን ጭማቂ እየወረደ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶ ሄደ። በሳምንቱ ከተማውንም ጥሎ ሄደ።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አጥሩ ላይ ተቀምጫለሁ። «ቀሚስህን ልበስ!» ብሎ የጮኸው እኔ ነኝ። ሌሎችም ጮኸዋል። የኔ ድምፅ ግን ቀጭን ስለነበር ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር፤ እሱም ወደ አጥሩ አየ።

ኤልኪን ይህን አያውቅም።

ሰኞ፣ ማርች 9

ተጣላን።

«አንዲት ፊደል ናት እኮ» አልኩት። የዶን ኒካኖር ቃል ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት።

ኤልኪን አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «ዘፈኑን ለማን ነው የጻፍከው?» አለኝ።

«ታውቃለህ።»

«ንገረኝ።»

«ላንተ።»

«ታዲያ መድረክ ላይ ወጥቼ ለሌላ ሰው ልዝፈነው? የራሴን ስጦታ?»

«ስለ ቡድኑ እያሰብኩ ነው!»

«ቡድኑ እኔና አንተ ነን፣ ኔፍታ። ዳጎቤርቶ ሄዷል።» ባርኔጣውን አነሳ። «ሬዲዮው ላይ ሳልጠይቅህ በመናገሬ በድዬሃለሁ። አውቃለሁ፤ ይቅርታ። ግን ብጠይቅህ ኖሮ ‹አስብበታለሁ› ትል ነበር።»

አይብ ወደሚሠራበት ወደ ወንዙ ዳር እርሻ ሄደ። እዚያም አልጋ አለው።

ረቡዕ፣ ማርች 11

ቤቱ ሰፋ። ጥሩ ነው። ሥራ በጸጥታ ይሠራል።

ቅዳሜ፣ ማርች 14

የዱቢስ በዓል። ሙዚቃው እስከ ቤቴ ይሰማል። ያመጡት ልጅ በግራ እጁ የሚጫወተውን በሙሉ ይስታል። አንዴ እንኳ አላገኘውም።

አራት ቀን ሙሉ አንድ አኮርዲዮን ሦስት ጊዜ ቃኘሁ። ባለቤቱ «ቀድሞም ደህና ነበር እኮ» አለኝ።

ሐሙስ፣ ማርች 19

አኮርዲዮኔን ይዤ ወደብ ከተማዋ ባራንኪያ ሄጄ መጣሁ። ምላስ የሚሆን ብረት አልቆብኝ ስለነበር ነው። ሱቁ ካለበት ፊደንሲዮ ይኖርበታል ሲሉ የሰማሁት ሰፈር በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ነው፤ እግረ መንገዴን ብቅ አልኩ።

ሰባ ዓመት ሆኖታል። ለመድረክ ሰዎች ልብስ ይሰፋል፤ ቤቱ በላባና በሚያብለጨልጭ ጨርቅ የተሞላ ነው። በሩን ሲከፍት ጥፍሩ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ መነጽሩ በግንባሩ ላይ ነው።

«ከሞንቴፍሎር ነኝ፣ ዶን ፊደንሲዮ።»

«አይዞህ፣ ይድናል» አለኝ። «ግባ።»

የመጣሁበትን አላወራሁም፤ ስለ ብረቱ፣ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ሙቀቱ ቀባጠርኩ። በመጨረሻ ድንገት ከአፌ አመለጠ። «ያን ቀን አጥሩ ላይ ሆኖ ‹ቀሚስህን ልበስ› ያለዎት እኔ ነኝ።»

መርፌውን ሳያቆም፣ «ሁለት ሺህ ሰው ነው የጮኸው» አለ። «ከሁለት ሺህ መሃል አንተን ለይቼ እንድቆጣህ ትፈልጋለህ? ኩሩ ነህ ማለት ነው።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«እሺ። ይኸው ይቅር ብያለሁ። ደግሞ አትዘንልኝ። አለቀሰና ሞተ ብለው ነው አይደል የሚያወሩት? እዚህ ወደቡ አጠገብ አዳራሽ ውስጥ ሃያ ዓመት ዘፍኛለሁ። መርከበኞች ጠረጴዛ ላይ ወጥተው ያጨበጭቡ ነበር። ሸሚዙንም እስኪበጫጨቅ ለብሼዋለሁ። አሁን ያንን አኮርዲዮን አውጣውና የመጣህበትን አሰማኝ።»

ተጫወትኩለት፣ ዘፈንኩለትም። ድምፄ የዘፋኝ ድምፅ አይደለም። «ጠይሙ» የምትለዋ ጋ ስደርስ በእጁ አስቆመኝ።

«እዚህ ጋ ለምን ትሮጣለህ?»

«አልሮጥኩም።»

«ሮጠሃል። ፈርተህ ነው የምታፈጥነው። ሰው ሳይሰማት ቃሏን ልታሳልፋት። ቀስ በል፤ እንዲያውም ቁምላት።»

ደግሜ ተጫወትኩ። ደግሜ ሮጥኩ። ስድስት ጊዜ አስደገመኝ። በሰባተኛው መርፌውን አስቀመጠ።

ለውድድሩ እንዲመጣ ለመንኩት። ሳቀ። «እኔ በዚያ መድረክ ተራዬን ዘፍኛለሁ፣ ልጄ። ለሞንቴፍሎር የቀረብኝ ዕዳ የለም።»

አልተጫንኩትም።

እሑድ፣ ማርች 22

ወደ እርሻው በእግሬ ሄድኩ። ኤልኪን እጅጌውን እስከ ብብቱ ሰብስቦ ወተቱን በትልቁ በርሜል ያማስላል። ቀና ብሎ አየኝ፤ ማማሰሉን አላቆመም።

«‹ህ› ነው» አልኩት።

«ምኑ?»

«‹ጠይሙ›። ‹ይዘህ›። ‹መጣህ›። ከዚህ በኋላ ሌላ ፊደል የሚያነሳ ካለ እኔን ያናግር።»

አሁንም ያማስላል። እኔም ቆሜ ስለ ፊደንሲዮ፣ ስለ አጥሩ፣ ዶን ኒካኖር ቡናውን ሲጋብዘኝ ስላለኝ ነገር፣ ከመጋረጃው ጀርባ ስለ ቆምኩበት ቀን ሁሉንም ነገርኩት።

«ከመጋረጃው ጀርባ መሆንህን አውቅ ነበር» አለ። «እግርህ ይታይ ነበር።»

ከዚያ ማማሰያውን ሰጠኝ። «ሳታቋርጥ አማስል፤ ካረረ ያንተ ጥፋት ነው።» ሸሚዙን ሊቀይር ሄደ። ወደ ቤት አብረን ተመለስን፤ በዋናው መንገድ፣ ሰዎች በር በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው በተቀመጡበት ሰዓት። ሰላም ያለንን ሰላም አልን። ያላለንንም ሰላም አልን።

ቅዳሜ፣ ማርች 28

ከበሮ መቺ ተገኘ! ተገኘች ልበል። ኑቢያ ትባላለች፤ በወንዛችን ወደብ ላይ ዓሣ ትሸጣለች፤ የአምስት ልጆች እናት ናት። ከበሮውን ያስተማራት አባቷ ነው፤ በሰው ፊት ግን አስመትቷት አያውቅም። ኤልኪን ነው ያመጣት።

አንድ ዘፈን ተጫወትን። ከዚያ ቀጣዩን። ዳጎቤርቶን አላሰብኩትም፤ ይህን ስጽፍ ነው ትዝ ያለኝ።

«ኮሚቴው ምን ይል ይሆን?» አልኳት።

«እናንተን እያየ እኔን ያያል ብለህ ነው?» አለችኝ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 3

ስቅለት። ሙዚቃ የለም። ኤልኪን እንደ ሁልጊዜው የጌታን ምስል ከሚሸከሙት ጋር ቆመ። አጠገቡ ያለው ሰውዬ ቦታ ለመቀየር ሲንቀሳቀስ እማ ከሰልፉ ውስጥ፣ «ከከበደህ ለኔ ስጠኝ፣ እሸከመዋለሁ!» አለችው። ሰውዬው በቦታው ቀረ። ጆሮው እንደ በርበሬ ቀልቶ እስከ መጨረሻው ተሸከመ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 9

ከኮሚቴው ወረቀት መጣ። «ተወዳዳሪው ግጥሙን ከባህሉ ጋር አስማምቶ እንደሚያቀርብ በፊርማው ያረጋግጣል።» ሌሎቹን ዘጠኝ ጠየቅሁ፤ ለማንም አልተላከም።

ይዤው ወደ ዶን ኒካኖር ቢሮ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ አልተቀመጥኩም።

«የውድድሩ ደንብ በደጅዎ ላይ ተለጥፏል፤ አንብቤዋለሁ። ዘፈኑ አዲስ ይሁን ይላል፤ አዲስ ነው። በአኮርዲዮን፣ በከበሮና በመፋቂያ ይቀርብ ይላል፤ ይቀርባል። ስለ ‹ህ› የሚል የለም።»

«ይጮኹባችኋል፣ ኔፍታሊ። ለናንተ ብዬ ነው።»

«ሲጮኹ እንዴት እንደሚጮኹ አውቃለሁ» አልኩት። ወረቀቱን ሳልፈርም ጠረጴዛው ላይ ተውኩት።

ወደ ቤት የተመለስኩት በዋናው መንገድ ነው።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 16

ጣሪያችን ላይ ድንጋይ ተወረወረ። አንድ ብቻ። ኤልኪን አንስቶ በር ማስደገፊያ አደረገው። ልምምድ ቀጠልን።

እሑድ፣ ኤፕሪል 19

ትናንት ነበር። እጄ ደክሟል፤ ግን ሳልጽፈው አልውልም።

አሥረኛ አደረጉን፣ የመጨረሻ። ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አደባባዩ ጢም ብሏል። ኤልኪን የሚያምርበትን ነጭ ሸሚዝና የፈረሰኛ ቦት ጫማውን አደረገ። እኔ ስለ ልብስ አልናገርም። ብቻ ቢጫ ሸሚዝ አሰፍቻለሁ፤ በሦስት መቶ ሜትር የሚታይ ቢጫ። እማ ስታየኝ፣ «ባቡር ልታስቆም ነው?» አለች፤ አንገትጌውን ግን አስተካከለችልኝ።

ገና ስንወጣ ፉጨቱ ተቀበለን። አስተዋዋቂው የዘፈኑን ስም ሲጠራ «ህ»ን ዋጣት፤ «ዝናብ ይዘ... መጣ...» አለ። ሳቅ። ከኋላ በኩል ያው የድሮው ቃል ተጮኸ፤ አልተለወጠም። በፕላስቲክ የታሰረ ውሃ መጥቶ ኑቢያ እግር ስር ፈነዳ። እሷም ጎንበስ ብላ ከበሮዋን አየች። «ደርቋል» አለችን። «ጀምሩ።»

ጀመርኩ። ቀስ ብዬ። ኤልኪን አፉን ሲከፍት ፊት ያሉት ዝም አሉ። የዚያ ሰው ድምፅ ከመሬት የሚወጣ ነው፤ ላለመስማት ብትፈልግ እንኳ ደረትህ ይሰማዋል። አባቶቻችን የዘፈኑበት ድምፅ ይሄው ነው። ዶን ኒካኖር የሚላቸው ወንዶች ሁሉ ቢመኙት የማያገኙት የወንድ ድምፅ፤ እና ለወንድ የተጻፈ ዘፈን ይዘፍንበታል።

«ጠይሙ» የምትለዋ ጋ ደረስን።

ወናፉን ያዝኩት። አልሮጥኩም። ቆምኩላት። ኤልኪንም ገባው፤ ወደ ሕዝቡ ሳይሆን ወደኔ ዞሮ ቃሏን እስከ ጫፏ ድረስ ዘፈናት፤ «ህ»ንም አንድ በአንድ። ፉጨቱ ተነስቶ ነበር፣ ግን ሌላ ነገር ደግሞ ከሥሩ ተነሳ። ጭብጨባ ነው፤ መጀመሪያ ከዓሣ ሻጮቹ በኩል፣ ከዚያ ከመሃል። ሁሉም አላጨበጨበም። ግማሹ ክንዱን አጣምሮ ቆሟል። ሆኖም ክንዱን ያጣመረውም እግሩ መሬቱን ይመታ ነበር፤ ከላይ ሆኜ አይቻለሁ።

አላሸነፍንም። ሁለተኛ ወጣን። የአንደኛው ዘፈን ስለ አንዲት ነጭ በቅሎ ነው፤ ክፉ አይደለም። ዶን ኒካኖር የምስክር ወረቀቱን ሲሰጠን እጁን ለኤልኪን ዘረጋ፤ ኤልኪን ጠበቅ አድርጎ ሲጨብጠው የዶን ኒካኖር ፊት ትንሽ ተኮማተረ።

ስንወርድ ዳጎቤርቶ ደረጃው ሥር ቆሞ ነበር። ዱቢስ አብራው አለች፤ ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እሱ ግን የኑቢያን ከበሮ ያይ ነበር። በመጨረሻ፣ «የከበሮው ቆዳ ትንሽ ላልቶ ነበር» አለ።

«እሷው እዚሁ አለች፤ ንገራት» አልኩት።

ኑቢያ ዘወር ብላ አየችው። «አንተ ወገብህን ያመመህ ሰውዬ ነህ?» አለችው። መልስ እንድሰጥለት ወደኔ አየ። እኔ ግን አልሰጠሁለትም። አበልጄ ነው፤ ግን አልሰጠሁለትም።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 27

ከወንዙ ማዶ ያለች መንደር ለጠባቂ ቅድስቷ በዓል ጠራችን፤ ትናንት ሄድን። የሚያሻግረው ጀልባ ላይ ከሁለት ላም፣ ከአንድ ሞተር ብስክሌትና ከእኛ ከሦስታችን በቀር ማንም የለም። ጀልባ ነጂው ሸሚዙን አውልቆ ክንዱ ላይ መልህቅ ያስነቀሰ ጎልማሳ ነው። መሪውን በእግሩ እየያዘ ያንጎራጉራል።

መጀመሪያ ልብ አላልኩም። ከዚያ ኤልኪን በክርኑ ጎሰመኝ። «ጠይሙ፣ ዝናብ ይዘህ መጣህ» ይላል ሰውዬው፤ ቀጣዩን ስንኝ አያውቀውምና «ላላ ላላ» እያለ ይሞላዋል። አንዱ የበዓሉን ቀረጻ በስልኩ አሰራጭቶታል ሲሉ ሰምቼ ነበር።

«ዜማውን ትንሽ አበላሽቶታል» አልኩ ለኤልኪን በሹክሹክታ።

«ዝም በል አንተ። እንዲያምር አድርጎታል።»

ዝም ልል ነበር። አልቻልኩም። «ወንድሜ» አልኩት ጀልባ ነጂውን፣ «ያን ዘፈን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

መሪውን በእጁ ይዞ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «አትቀልድ!»

«እውነቴን ነው።»

«ኧረ በናትህ? ሚስቴ ስትወደው! እንግዲያው የጎደለኝን ስንኝ ንገረኝ።»

ሁለት ጊዜ እየደጋገምኩ ነገርኩት። ለማን እንደጻፍኩት ግን አልጠየቀኝም፤ ስለ ስንኙ ብቻ ነበር የጓጓው። ማዶው እየቀረበ ነው፤ ሰዎች ገመድ ሊቀበሉ ዳር ላይ ቆመዋል። ኤልኪን አንዷን ላም እያሻሸ ወደ ውሃው ያያል፤ የሚሰማን አይመስልም።

የኤልኪንን እጅ ያዝኩና ወደ ጀልባ ነጂው ዞርኩ። «ጠይሙ ይሄ ነው» አልኩት።